«የሽኪድ ሪፑብሊክ»፦ ሁለት ስሞች በአንድ ሽፋን

ቤት አልባ ልጆችን የሚመለከቱ የሕጻናት መጻሕፍት አብዛኞቹ የአዋቂ ሰው ድርሰቶች ናቸው። ደራሲው ልጁን ከመስኮት ወዲህ ሆኖ ያየዋል፤ ያዝንለታል፤ በታሪኩም ፍጻሜ ላይ ደግ ዘመድ ወይም ባለጸጋ አሳዳጊ ያስገኝለታል። እ.ኤ.አ. በ1927 በሌኒንግራድ ከተማ ታትሞ የወጣው «የሽኪድ ሪፑብሊክ» የተሰኘው ልብ ወለድ ግን ከዚህ ልማድ የራቀ ነው። ጸሐፊዎቹ ግሪጎሪ ቤሊክና ኤል. ፓንቴሌየቭ ይባላሉ። መጽሐፉ ሲታተም አንደኛው የ20፣ ሁለተኛው የ18 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሁለቱም ትምህርታቸውን አቋርጠው በየጎዳናውና በየባቡር ጣቢያው ይንከራተቱ ከነበሩት ልጆች መካከል ነበሩ። በመሆኑም ስለ በረንዳ አዳሪ ልጆች የጻፉት የሌላውን ሰው ሕይወት ሳይሆን የራሳቸውን ነው።

መጽሐፉ ከተለያየ ወገን የመጡ፣ ጎዳና ያገናኛቸው ልጆች እንዴት ጓደኛሞች ሊሆኑ እንደቻሉ ይተርካል። ከመጽሐፉ መውጣት በኋላ የተከተለው ታሪክ ደግሞ ይኸው ጓደኝነት በመጻፍ ብቻ የተገለጸ አለመሆኑን ያረጋግጣል። ስለዚህ «የሽኪድ ሪፑብሊክ»ን በሚገባ ለመረዳት በገጾቹ ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን በሽፋኑ ላይ ያሉት ሁለት ስሞች ያለፉበትንም መንገድ መከተል ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎዳና ወደ ትምህርት ቤት

በ1914 የፈነዳው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ የ1917ቱ አብዮት፣ ቀጥሎም የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት የሩሲያን ቤተሰብ ክፉኛ በታትኖት ነበር። በ1921 እና በ1922 በቮልጋ ወንዝ አካባቢ የደረሰው ታላቅ ረሃብ ሲጨመርበት መከራው ከልክ አለፈ። አባቶች በጦር ግንባር ወደቁ፤ እናቶች በታይፈስና በረሃብ አለቁ፤ ከሞት የተረፉትም ልጆቻቸውን በሽሽትና በባቡር ግርግር መካከል አጡ። በዚህ ሁኔታ ሜዳ ላይ የቀሩት ልጆች በሩሲያ ቋንቋ «ቤስፕሪዞርኒ» ተባሉ፤ ጠባቂ የሌላቸው ማለት ነው። በ1922 ግድም ቁጥራቸው እስከ 7 ሚሊዮን ይደርስ እንደነበር የሚገመት ሲሆን፣ ከዚያ ዝቅ የሚያደርጉት ግምቶችም ቢሆኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። እነዚህ ልጆች በባቡር ፉርጎ ሥር ተንጠልጥለው ከከተማ ከተማ ይጓዙ፣ ሌሊቱንም ሙቀቱ ገና ባልወጣለት የአስፋልት ማቅለጫ በርሜል ውስጥ ተኮራምተው ያሳልፉ ነበር። ሲለምኑ የዋሉት ሲመሽ ይሰርቃሉ፤ ሲሰርቁ የተያዙት ወደ ማረሚያ ይወሰዳሉ፤ ከዚያም ያመልጣሉ።

አዲሱ መንግሥት ችግሩን ለመቋቋም በጥር 1921 በፌሊክስ ዤርዢንስኪ የሚመራ የሕጻናትን ኑሮ የሚያሻሽል ኮሚሲዮን አቋቋመ። በየከተማውም ማሳደጊያዎችና የሥራ ቅኝቶች ተከፈቱ። ሆኖም በማሳደጊያ ውስጥ እንኳ ሊያዙ ያልቻሉ፣ ከአንዱ ሲባረሩ ወደ ሌላው ሲላኩ የኖሩ ልጆች ነበሩ። በፔትሮግራድ ከተማ በ1920 የተከፈተው የዶስቶየቭስኪ ት/ቤት የተቋቋመው እነዚህን ለመሰሉ ልጆች ነው። መሥራቹና ርእሰ መምህሩ ቪክቶር ሶሮካ-ሮሲንስኪ ይባላሉ። ተማሪዎቹ ስለሥነ ልቡናቸው እንዲታወቅላቸው ካልፈለጉት ታላቅ ደራሲ ስም ጋር ብዙም ሳይጣሉ፣ የት/ቤቱን ረጅም መጠሪያ አሳጥረው «ሽኪድ» አሉት። ቃሉ «በዶስቶየቭስኪ ስም የተሰየመ ት/ቤት» የሚለው የሩሲያ ሐረግ ምሕጻር ነው።

ሶሮካ-ሮሲንስኪ ከአብዮቱ በፊት ጀምሮ በሥነ ትምህርት ላይ ያሰቡና የጻፉ መምህር ነበሩ። እምነታቸው አጭር ነው፤ ስርቆት የለመደው ልጅ ሊለወጥ የሚችለው በልመና ወይም በዱላ ሳይሆን በእውቀትና በጨዋታ ነው። ስለዚህ የተራቡ፣ ቅማል የወረራቸው ልጆች የጀርመንን ቋንቋ፣ ታሪክንና ሥነ ጽሑፍን ለረጅም ሰዓት እንዲማሩ አደረጉ። ሕንጻው በክረምት ይቀዘቅዛል፤ ምግቡ ቀጭን ሾርባና በሚዛን የሚታደል ዳቦ ነው። ያም ሆኖ ልጆቹ በዚሁ አዳራሽ የፑሽኪንን «ቦሪስ ጎዱኖቭ» ለማሳየት መድረክ ሠርተዋል።

ት/ቤቱ ፍጹም ገነት አልነበረም፤ መጽሐፉም እንዲህ አይልም። የተማሪዎቹ ጥፋት ሁሉ «የታሪክ መዝገብ» በተባለ ወፍራም ደብተር ይሰፍራል። እንደ ጠባያቸውም ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ ይመደባሉ። ከሁሉ በታች የሆነው የአምስተኛው ደረጃ ተማሪ የዕረፍት ቀን ፈቃድ አያገኝም። በሩ ይቆለፋል፤ ልጁ ግን በመስኮት ይወጣል። መምህሩና ተማሪው በየዕለቱ በብልሃት ይፋለማሉ።

ቅጽል ስምና ትውልድ

የመጽሐፉን ልጆች አንድ ያደረጋቸው ጎዳናው እንጂ ትውልዳቸው አልነበረም። ቤሊክ የተወለደው በ1906 በፒተርስቡርግ ከድሃ ቤተሰብ ነው። እናቱ ልብስ አጣቢ ነበረች። እሱም ገና በልጅነቱ በባቡር ጣቢያ የመንገደኞችን ዕቃ በመጎተት የዳቦ ዋጋ ይፈልግ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ «ያንኬል» እየተባለ የሚጠራው፣ ሥዕል የሚሥለውና ጋዜጣ የሚያዘጋጀው ቀልደኛ ልጅ እሱ ራሱ ነው። ፓንቴሌየቭ ግን የመጣው ከሌላ ዓለም ነው። በ1908 በዚያው ከተማ ሲወለድ የወጣለት ስም አሌክሲ የሬሜየቭ ነው። አባቱ በ1904 እና 1905 የሩሲያና የጃፓን ጦርነት የተሸለመ የኮሳክ መኮንን ሲሆን እናቱ ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለደች ነበረች። አብዮቱ በመጣ ጊዜ አባቱ ጠፋ፤ ቤተሰቡ ረሃቡን ሸሽቶ ወደ ያሮስላቭል አውራጃ ሄደ፤ በዚያም ጦርነት ጠበቀው። መጻሕፍት በሞሉበት ቤት ያደገው ልጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስርቆትንም፣ ከማሳደጊያ ማምለጥንም ተማረ።

በዚሁ የክፍል ወንበር ላይ ሌሎችም ተቀምጠዋል። «ነጋዴው» የሚል ቅጽል የወጣለት ኦፌንባህ ከባልቲክ ባሮኖች ዘር የተወለደ፣ ቀድሞ የካዴት ት/ቤት ተማሪ የነበረ ግዙፍ ልጅ ነው። «ጃፓናዊው» የሚሉት የኦኒን በዓይኑ ቅርጽ ምክንያት ስሙ የወጣለት፣ የጀርመንን ቋንቋ ከክፍሉ ሁሉ አብልጦ የሚያውቅ፣ ነገረኛና አንባቢ ነው። «ጂፕሲው» የሚባለው ግሮሞኖስፀቭ ብዙ ማሳደጊያዎችን የዞረ፣ በጎዳናው ሕግ የበሰለ የልጆች አለቃ ነው። «ድንቢጥ» እና «እማምዬ» የተባሉ ትንንሽ ልጆችም አሉ። የአንዱ አባት መኮንን፣ የሌላው ወዛደር፣ የሦስተኛው ባሮን ነበር፤ በጎዳና ላይ ግን የአባት ስም ዳቦ አይገዛም።

ደራሲዎቹ ስለዚህ ነገር ስብከት አያበዙም። አዲስ ልጅ ሲመጣ በቅድሚያ የሚደረገው ነገር ቅጽል ስም ማውጣት መሆኑን ብቻ ያሳዩናል። ቅጽል ስም የቀድሞውን ልደት ይሽራል፤ ልጁንም ከሌሎቹ እኩል ያደርገዋል። መምህራኑም ከዚህ አላመለጡም። ቪክቶር ኒኮላየቪች ሶሮካ የሚለው የርእሰ መምህሩ ሙሉ ስም በልጆቹ አፍ ተጨምቆ «ቪክኒክሶር» ሆነ። የጀርመንኛ መምህርቷ ኤላ ሉምበርግ «ኤላንሉም» ተባሉ። የዚያ ዘመን የሩሲያ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በምሕጻረ ቃል ይጠሩ ስለነበር ልጆቹ በዘመኑ ፈሊጥ በዘመኑ ላይ መቀለዳቸው ነው። ርእሰ መምህሩም ቀልዱን አልከለከሉም። እንዲያውም ት/ቤቱ እንደ አንድ ሪፑብሊክ የራሱ መዝሙርና አርማ እንዲኖረው ያደረጉ እርሳቸው ናቸው። አርማው ሱፍ አበባ ነበር፤ ፊቱን ወደ ብርሃን የሚያዞር ተክል በመሆኑ።

ፓንቴሌየቭ የሚለው ስም ራሱ ከዚህ ልማድ የተገኘ ነው። ሊዮንካ ፓንቴሌየቭ በ1923 ተተኩሶበት የሞተ፣ በፔትሮግራድ ስመ ገናና የነበረ ወንበዴ ነው። የመኮንኑ ልጅ አሌክሲ በድፍረቱ ምክንያት በጓደኞቹ ዘንድ ይኸው የወንበዴ ስም ወጣለት። በኋላም ታዋቂ የሕጻናት ደራሲ በሆነ ጊዜ ከአባቱ ስም ይልቅ ጓደኞቹ ያወጡለትን መርጦ እስከ ሞቱ ድረስ ጻፈበት።

የዳቦው ዕዳ

በመጽሐፉ ውስጥ ጓደኝነት በቀላሉ አይገኝም። ከሁሉ ይልቅ ይህን የሚያሳየው ስላዮኖቭ የተባለው አራጣ አበዳሪ ልጅ ታሪክ ነው። ስላዮኖቭ ትንሽ፣ ድቡልቡል፣ ፊቱ ፈገግታ የማይለየው ልጅ ነው። ት/ቤቱ እንደገባ የልጆቹን ሁሉ ድክመት አወቀ፤ ይኸውም ረሃብ ነው። የራሱን ድርሻ ሳይበላ አስቀምጦ ለተራበው ያበድራል። ዛሬ አንድ ስምንተኛ ፓውንድ ዳቦ የወሰደ ነገ አንድ አራተኛ ይመልሳል። ይህ በዛሬ ሚዛን 50 ግራም ያህል ወስዶ 100 ግራም እንደ መመለስ ነው። ነገ ሲመጣ ግን ድርሻው በሙሉ ለዕዳ ይሄድና ልጁ በባሰ ረሃብ ዳግመኛ ይበደራል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የክፍሉ ዳቦ ሁሉ በአንድ ልጅ እጅ ገባ።

ምዕራፉን ትልቅ የሚያደርገው ግን ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። ስላዮኖቭ ጉልበት እንደሌለው ያውቃል፤ ስለዚህ ትልልቆቹን ልጆች ያበላቸዋል። እነዚያ ቀድሞ ለደካማ ይቆሙ የነበሩ ጠንካራ ልጆች አሁን ጠግበው ዝም ይላሉ። ትንንሾቹ ደግሞ ዕዳቸውን መክፈል ሲያቅታቸው አሽከር ይሆናሉ፤ ያጥቡለታል፣ ይላላኩለታል። ደራሲዎቹ እዚህ ላይ ራሳቸውን አላዳኑም። ያንኬልም ከአራጣ አበዳሪው ማዕድ ከበሉት አንዱ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። በመጨረሻ ሥርዓቱ የሚፈርሰው መምህር ደርሶበት አይደለም። ልጆቹ እርስ በርስ ተያይተው አፍረው፣ በአንድነት ዕዳው ተሰርዟል ባሉ ጊዜ ነው። ስላዮኖቭም የሚያስፈራራበት ነገር አጥቶ ከት/ቤቱ ኮበለለ።

ስለ ብዝበዛ ለልጆች ብዙ ተጽፏል። እንደዚህ ምዕራፍ ግን ነገሩን በአንድ ቁራሽ ዳቦ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ያሳየ ጥቂት ነው። የሚያስተምረውም ክፉውን ልጅ መጥላትን ብቻ አይደለም። የጠገበ ሰው ዝምታ የብዝበዛ ምሰሶ መሆኑን፣ ጓደኝነትም በሆድ ሊሸጥ የሚችል ነገር መሆኑን አንባቢው ሕጻን ያለ ተንታኝ ይረዳል።

የሊዮንካ ፓንቴሌየቭ አመጣጥም እንዲሁ በፈተና የታጀበ ነው። አዲሱ ልጅ በገባ ሰሞን የክፍል ጓደኞቹ ከአንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ቂጣ ይሰርቃሉ። ከሁሉም የባሰ ሌባ ተብሎ የመጣው እርሱ ግን ከዚህ ስርቆት አልካፈልም ይላል። ነገሩ በታወቀ ጊዜ ያጋለጠን እሱ ነው ብለው ጠርጥረው በጨለማ ይደበድቡታል። ማንንም እንዳላጋለጠ ሲታወቅ ግን ደብዳቢዎቹ ያፍራሉ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ አንዱ የክፍሉ ሰው ይሆናል። ከያንኬል ጋር የገቡት ቃል ኪዳን በልጆቹ ቋንቋ «ስላማ» ይባላል። ስላማ የገቡ ሁለት ልጆች ያላቸውን ሁሉ፣ ዳቦውንም፣ ትምባሆውንም፣ ቅጣቱንም እኩል ይካፈላሉ። የልብስ አጣቢዋ ልጅና የመኮንኑ ልጅ ጓደኝነት የተመሠረተው በዚህ ሕግ ነው።

ሌላው ጓደኝነታቸውን ያጠበቀው ብዕር ነው። በሽኪድ አንድ ወቅት ጋዜጣና መጽሔት የማዘጋጀት አባዜ ተነሥቶ ነበር። በእጅ እየተጻፉ፣ በቀለም እየተሣሉ የሚወጡት ቅጠሎች ብዛት ወረቀት እስኪጠፋ ደረሰ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ልጆቹ «ኡሊጋኒያ» የተባለ ግዛት መሥርተው ነጋዴውን ንጉሠ ነገሥት አድርገው አነገሡት። የቀድሞው ባሮን በሱቅ ወረቀት ዘውድ ሲቀመጥ አገሩ በሙሉ የፈረሰበትን ሥርዓት ልጆች በጨዋታ መልሰው እያፈረሱት ነበር። ርእሰ መምህሩ ይህን ሁሉ የታገሡት የጎዳናውን የሌብነት ድፍረት ወደ ፈጠራ ድፍረት እንደሚለውጠው በማመን ነው። ከሁለቱ ተማሪዎች አንጻር ሲታይ እምነታቸው አላሳፈራቸውም።

በአንድ ክፍል የተጻፈ መጽሐፍ

ሁለቱ ጓደኛሞች ከት/ቤቱ ከወጡ በኋላ የፊልም ተዋናይ ለመሆን ወደ ደቡብ ተጓዙ፤ አልቀናቸውም። ወደ ሌኒንግራድ ተመልሰው ለትንንሽ ጋዜጦችና መጽሔቶች እየጻፉ መኖር ጀመሩ። በ1926 ስለ ት/ቤታቸው መጽሐፍ ለመጻፍ ወሰኑ። በኢዝማይሎቭስኪ ጎዳና በሚገኘው የቤሊክ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለገንፎ የሚሆን እህል፣ ስኳር፣ ሻይና ትምባሆ አከማችተው በራቸውን ዘጉ። 32 ምዕራፎች አቀዱና 16 ለአንዱ፣ 16 ለሌላው ብለው ተካፈሉ። ፓንቴሌየቭ ወደ ት/ቤቱ የገባው ዘግይቶ በመሆኑ የመጀመሪያዎቹ 10 ምዕራፎች የቤሊክ ድርሻ ሆኑ። ይህ አከፋፈል የስላማው ሕግ ነው፤ ዳቦው በምዕራፍ ተተክቶ።

የተጠናቀቀውን ጥራዝ የወሰዱት ት/ቤታቸውን ትጎበኝ ወደነበረች ዝላታ ሊሊና ወደምትባል የትምህርት ኃላፊ ነው። ከእርሷ ወደ መንግሥታዊው አሳታሚ ድርጅት የሕጻናት ክፍል ደረሰ። በዚያ የነበሩት ሳሙኤል ማርሻክና ዬቭጌኒ ሽቫርትስ በኋላ በሩሲያ የሕጻናት ሥነ ጽሑፍ ታላቅ ስም ያተረፉ ሰዎች ናቸው። አዘጋጆቹ የልጆቹን ብዕር በማረም ሰበብ አላደነዘዙትም። ትልቁ እርማት በአንድ ምዕራፍ ላይ የተደረገ ነው። ፓንቴሌየቭ ስለ ራሱ የጻፈውን ምዕራፍ እንደ ግጥም በሚወርድ ያጌጠ ቋንቋ አቅርቦት ነበር፤ ማርሻክ ጌጡን አስጥለው እንደ ሌሎቹ በግልጽ ቋንቋ እንዲጻፍ አደረጉ። ለደራሲያን ሁሉ የሚሆን ትምህርት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ያጌጣል፤ ስለ ጓደኛው ሲጽፍ ግን እውነቱን ይናገራል።

የክርክሩ ዘመን

መጽሐፉ እንደወጣ ተወደደ፤ ደጋግሞም ታተመ፤ ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። በጣሊያን አገር ይኖር የነበረው ማክሲም ጎርኪ መጽሐፉን ባነበበ ጊዜ ለልዩ ልዩ ሰዎች በጻፋቸው ደብዳቤዎች አድናቆቱን ገለጸ። እርሱም በልጅነቱ የተንከራተተ ስለነበር የቪክኒክሶርን ሰብእና በተለይ አከበረ።

ይሁንና ሁሉም አላመሰገነም። በትምህርት ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት የነበራት ናዴዥዳ ክሩፕስካያ የሽኪድ ሕይወት የአሮጌውን የቤተ ክህነት አዳሪ ት/ቤት፣ የቅጣትና የቁልፍ ዘመን የሚያስታውስ ነው ስትል ነቀፈች። አንቶን ማካሬንኮም ተቃወመ። ማካሬንኮ በ1920 በፖልታቫ አቅራቢያ ለመሰል ልጆች የሥራ ቅኝት ያቋቋመ፣ በኋላም ልምዱን «የሥነ ትምህርት ቅኔ» በተሰኘው መጽሐፉ ያስነበበ መምህር ነው። በእርሱ አስተያየት መጽሐፉ የሚያሳየው የሥነ ትምህርት ውድቀትን ነው፤ ልጆቹ በእርሻና በአውደ ጥናት ሥራ አልተጠመዱም፣ የጋራ ኃላፊነት አልተሰጣቸውም፤ በመጽሐፍና በጨዋታ ብቻ ተይዘዋል።

ነቀፌታዎቹ በከንቱ የተሰነዘሩ አልነበሩም። የደረጃው ምደባና የታሪክ መዝገቡ አንዳንድ ጊዜ ልጁን ከማረም ይልቅ እንደሚያስመርሩት መጽሐፉ ራሱ ይመሰክራል። ለምሳሌ ጂፕሲው ያለ ፈቃዱ ወደ እርሻ ት/ቤት ተልኮ በመጀመሪያ የጻፋቸው ደብዳቤዎች የተስፋ መቁረጥ ነበሩ፤ መሬቱንና ሥራውን የወደደው ውሎ አድሮ ነው። ነቃፊዎቹ ያላጤኑት ግን ጥያቄው መልሱን በእጁ ይዞ መምጣቱን ነው። አንድ ት/ቤት መውደቁ ወይም መሳካቱ የሚታወቀው ባፈራው ሰው ከሆነ፣ ሽኪድን የከሰሱበት ማስረጃ ራሱ ሽኪድ ያፈራቸው ሁለት ወጣቶች የጻፉት መጽሐፍ ነበር። ለሌሊት ስርቆት የሚበቃ ብልሃታቸውን ለብዕር ያዋሉ፣ መምህራቸውን ሳያቆላምጡ ያከበሩ፣ የራሳቸውን ጥፋት ያልሸሸጉ ጸሐፊዎች ከውድቀት አይወለዱም።

ሶሮካ-ሮሲንስኪ ግን ዋጋ ከፈሉ። ገና በ1925 ከመሠረቱት ት/ቤት ተሰናብተው ነበር። ተማሪዎቻቸው በፍቅር የሣሏቸው መጽሐፍ መውጣቱም ለነቀፌታ አጋለጣቸው። በሌላ በሌላ ት/ቤት ሲያስተምሩ ኖረው በ1960 በሌኒንግራድ በትራም አደጋ ሞቱ። ስለ ሥራቸው ራሳቸው የጻፉት «የዶስቶየቭስኪ ት/ቤት» የተሰኘው መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1978 ነው።

የሽፋኑ ጉዳይ

በ1930ዎቹ ሁለቱ ጓደኛሞች የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ይጽፉ ነበር። ፓንቴሌየቭ በ1928 «ሰዓቱ» የተባለውን፣ አንድ ሌባ ልጅ በሰረቀው ሰዓት ምክንያት የሚደርስበትን የሕሊና ትግል የሚተርክ ታሪክ አሳተመ። ቤሊክም በ1930 ስለ ድሆች ሰፈር ልጅነቱ «የደስተኛ ለማኞች ቤት» የተሰኘ መጽሐፍ አወጣ።

በ1935 መጨረሻ ቤሊክ ተያዘ። የቀረበበት ክስ ጸረ ሶቪየት ናቸው የተባሉ፣ ለሕትመት ያልበቁ ግጥሞች ጽፏል የሚል ነበር። የ3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በሳንባ ነቀርሳ የተጎዳ ሰው ስለነበር እስር ቤቱን አልቻለውም፤ በነሐሴ 1938 በሌኒንግራድ በእስረኞች ሆስፒታል አረፈ። 32 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ፓንቴሌየቭ ጓደኛው በታሰረ ጊዜ ዝም አላለም፤ ወደ ከፍተኛ ባለሥልጣናት አቤቱታ ጽፏል። የቀድሞ መኮንን ልጅ፣ ያውም አባቱ በእስር የጠፋበት ሰው፣ በዚያ ዘመን ስለ እስረኛ መጻፉ ምን ያህል አደጋ እንደነበረው ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። አቤቱታው ፍሬ አላፈራም።

የእስረኛ ስም ያለበት መጽሐፍ ከመደብርና ከቤተ መጻሕፍት ወጣ። ይሁንና «የሽኪድ ሪፑብሊክ» ተወዳጅ ነበር፤ ስለዚህ መፍትሔ ተገኘለት። የቤሊክ ስም ከሽፋኑ ይፋቅና መጽሐፉ በፓንቴሌየቭ ስም ብቻ ይታተም የሚል ሐሳብ ቀረበ። ፓንቴሌየቭ እምቢ አለ። በዚህም ምክንያት ታላቁ የወጣትነት ሥራው ከ20 ዓመታት በላይ ሳይታተም ቀረ። ስሙ ቢፋቅ ቤሊክን ከመቃብር የሚጎዳው ነገር አልነበረም፤ ፓንቴሌየቭም ገንዘብና ዝና ባገኘ ነበር። ግን ከ32ቱ ምዕራፎች 16ቱ የማን እንደሆኑ ያውቃል። ስላማ የገባ ልጅ የጓደኛውን ድርሻ አይበላም።

በእነዚያ የዝምታ ዓመታት መካከል፣ በ1941፣ ፓንቴሌየቭ «የክብር ቃል» የተባለችውን አጭር ታሪኩን አሳተመ። ልጆች በመናፈሻ ውስጥ የጦርነት ጨዋታ ሲጫወቱ አንዱን ትንሽ ልጅ ዘብ አድርገው ያቆሙታል፤ እንዳይነቃነቅም ቃል ያስገቡታል። ጨዋታው አልቆ ሌሎቹ ረስተውት ይሄዳሉ፤ እሱ ግን ጨልሞም ከቦታው አይነቃነቅም። በመጨረሻ እውነተኛ መኮንን ተፈልጎ መጥቶ ከግዳጁ እስኪያሰናብተው ድረስ ይቆማል። ታሪኩ በሩሲያ ት/ቤቶች ለትውልድ ሲነበብ የኖረ ነው። የጻፈውም ሰው ራሱ በአንድ መጽሐፍ ሽፋን አጠገብ ዘብ ቆሞ የነበረ ነው።

ግዳጁ የተፈጸመው ዘግይቶ ነው። ቤሊክ በ1957 ከክሱ ነጻ ተባለ። በ1960 «የሽኪድ ሪፑብሊክ» የሁለቱንም ደራሲያን ስም ይዞ ዳግመኛ ታተመ። በ1966 ጌናዲ ፖሎካ በሌንፊልም ስቱዲዮ መጽሐፉን ወደ ፊልም ለወጠው፤ ቪክኒክሶርን ሆኖ የተጫወተው ሰርጌይ ዩርስኪ ነው። መጽሐፉን ያላነበበ ትውልድ እንኳ በዚህ ፊልም አማካይነት ያንኬልን፣ እማምዬንና ጃፓናዊውን አወቃቸው። ፓንቴሌየቭ በ1987 እስኪሞት ድረስ መጽሐፉ በሁለት ስም መታተሙን ለማየት በቅቷል።

የመጽሐፉ ቅርስ

«የሽኪድ ሪፑብሊክ» ለዛሬው መምህርና ለዛሬው የኪነ ጥበብ ሰው የሚተወው ነገር ምንድን ነው? በመጀመሪያ የጎዳናን ልጅ በአንድ መልክ አለመሣሉ ነው። በረንዳ አዳሪ የሚለው ቃል ከሩቅ ሲታይ አንድ ቡድን ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን የልብስ አጣቢ ልጅ፣ የመኮንን ልጅ፣ የባሮን ልጅ፣ እያንዳንዱ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ቁስልና የራሱ ተሰጥኦ አለው። መምህሩ ይህን ካላየ የሚያስተምረው ጅምላ ነው።

ሁለተኛው ስለ ጓደኝነት የሚሰጠው ግንዛቤ ነው። በብዙ የሕጻናት መጻሕፍት ውስጥ የድሃና የሀብታም ልጅ ጓደኝነት በደግነት ይጀመርና በደግነት ያበቃል። በሽኪድ ግን ጓደኝነት ሕግ አለው፤ መካፈል ነው። የማይካፈል ጓደኝነት በስላዮኖቭ ዳቦ ፊት ወዲያው ይፈርሳል። የሚካፈለው ግን ትምባሆን፣ ቅጣትን፣ ምዕራፍን፣ በመጨረሻም ስምን እስከመካፈል ይደርሳል። የልጆች ጨዋታ የመሰለው ቃል ኪዳን አዋቂዎች ብዙ ቃል በበሉበት ዘመን ጸንቶ ተገኘ።

ዛሬም መጽሐፉን ከመደርደሪያ ላይ የሚያነሣ አንባቢ አንድም ቃል ከማንበቡ በፊት በሽፋኑ ላይ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ተጽፈው ያገኛል፤ ቤሊክ፣ ፓንቴሌየቭ።